ከእርሻ አፈር መድኃኒት ያገኙት የገበሬ ልጅ፦ ዶክተር ኤሊዛቤት ሊ ሄዘን

ፍኖተ ሰላም፦ በከተሞቻችን መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ላይ ጠብታ መስጫ ያላት አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ትታያለች። ልጅ ያሳደጉ እናቶች ያውቋታል። የሕፃኑ ምላስና የጉንጩ ውስጠኛ ክፍል እርጎ የተቀባ መስሎ ሲነጣ፣ ነጩ ተጠርጎ አልለቅ ሲል፣ ልጁም ጡት ይዞ መልሶ ሲተውና ሲነጫነጭ የጤና ባለሙያ የሚያዝላቸው ቢጫ ፈሳሽ ናት። ኒስታቲን ትባላለች። የተለመደች መድኃኒት ስለሆነች ከየት መጣች ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ሰው የለም።

የመጣችው ከወተት ላሞች እርሻ፣ ከአንድ እፍኝ አፈር ነው። መድኃኒቷን ካገኙት ሁለት ሴቶች አንዷ የጥጥ ገበሬዎች ልጅ፣ በሕፃንነቷም ወላጆቿን ያጣች ነበረች። የዚህች ሴት የሕይወት ታሪክ፣ መድኃኒቷ ልትደርስላቸው ካልቻለች ሕፃናት ጉዳይ ጋር ተያይዞ ለጎጃም ገበሬና ከተሜ ሊነገር የሚገባው ይመስለኛል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤሊዛቤት ሊ ሄዘን የተወለደችው ኦገስት 24 ቀን 1885 በደቡባዊቷ የአሜሪካ ግዛት በሚሲሲፒ፣ ሪች በምትባል የገጠር መንደር ነው። እንደ እኛ አቆጣጠር ዘመኑ 1877 ዓ.ም. ነበር፤ ጎጃምን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ያስተዳድሩ ነበር። አባቷ ዊሊያም ኤድጋር ሄዘንና እናቷ ማጊ ሃርፐር ኑሯቸው በጥጥ እርሻ ላይ የተመሠረተ ነበር። ሁለቱም ዕድሜ አልሰጣቸውም። ልጅቱ ገና አራት ዓመት ገደማ ሳለች አባትም እናትም አልነበሯትም። በእኛ ሀገር ያ ወቅት ከብቱ በመቅሠፍት አልቆ፣ ጎተራው ተራቁቶ፣ ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ የሰየመው ነው። ወላጅ ማጣት በየደጁ ነበርና የእኛ አያቶች የዚህችን ልጅ ዕጣ ለመረዳት አስተርጓሚ ባላስፈለጋቸው ነበር።

ኤሊዛቤትን ከእህቷ ጋር ወስደው ያሳደጓት በዚያው ወረዳ፣ ሉላ በምትባል ሌላ የገጠር ስፍራ የሚኖሩ አጎቷና ሚስታቸው ናቸው። ልጆቹን እንደ ልጆቻቸው አዩአቸው፤ ትምህርት ቤትም ላኩአቸው። በዚያ ዘመን የገጠር ሴት ልጅ ኮሌጅ መግባቷ በአሜሪካም ቢሆን ብርቅ ነበር። ኤሊዛቤት ግን በኮሎምበስ ከተማ ወደሚገኘው፣ ዛሬ የሚሲሲፒ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ወደሚባለው ኮሌጅ ገብታ በ1910 የመጀመሪያ ዲግሪዋን ተቀበለች። ከዚያም በግዛቲቱ ዋና ከተማ በጃክሰን ለስድስት ዓመታት ሳይንስ አስተማረች። ክረምት ሲመጣ፣ ሌሎች መምህራን ሲያርፉ፣ እርሷ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች እየሄደች ትማር ነበር።

በ1916 ወደ ኒውዮርክ ተጉዘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በዓመቱ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ያዙ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በጦር ሠራዊቱ የበሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪዎች አገለገሉ፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በዌስት ቨርጂኒያ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠሩ። የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ሲቀበሉ 1927 ሆኖ ነበር፤ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። እኔ ይህን ሳነብ ቆም አልሁ። ስማቸውን ያስጠራው ሥራ የተጀመረው ከዚያም ሃያ ዓመት ቆይቶ ነውና።

በ1931 በኒውዮርክ ግዛት ጤና መሥሪያ ቤት የላቦራቶሪዎች ክፍል ተቀጠሩ። ሥራቸው ከበሽታ ኋላ ኋላ እየሄዱ ምንጩን ማግኘት ነበር። ገበሬ አንባቢዎቻችን በደንብ የሚያውቁት አባ ሠንጋ በአካባቢው ሰዎችን ሲይዝ፣ ዶክተር ሄዘን ዱካውን ተከትለው አንድ የብሩሽ ፋብሪካ ላይ ደረሱ። ብሩሽ የሚሠራው ከእንስሳት ፀጉር ነው፤ የአባ ሠንጋ ዘር ደግሞ በቆዳና በፀጉር ላይ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በሌላ ጊዜ ከውጭ ሀገር በቆርቆሮ ታሽጎ የመጣ የባሕር ምግብ ሰዎችን ሲመርዝ መርዙ ከየትኛው ባክቴሪያ እንደመነጨ ለይተው አሳወቁ።

በ1944 የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አውገስተስ ዋድስዎርዝ አዲስ ሥራ ሰጧቸው፤ ሰውን የሚያሳምሙ ፈንገሶችን እንዲያጠኑ።

ፈንገስ ለእኛ አካባቢ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ስንዴውን የሚያነድደው ዋግ ፈንገስ ነው። ሳይደርቅ የተከተተ በቆሎን አረንጓዴና ጥቁር የሚያለብሰው ሻጋታ ፈንገስ ነው። በኮሌጅ ስለ ሰብል በሽታ ስንማር ፈንገስን በቅጠልና በፍሬ ላይ እንጂ በሕፃን ሳንባ ውስጥ አስበነው አናውቅም ነበር፤ መምህሩም አላነሡት፣ እኛም አልጠየቅንም። ነገር ግን ተሕዋስያኑ ቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ከመካከላቸው ካንዲዳ የሚባለው በጤነኛ ሰው አፍና አንጀት ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። አስፐርጊለስ የሚባለው የሻጋታ ወገን ደግሞ በገለባ፣ በብስባሽና በእህል አቧራ ውስጥ ስላለ ዘሩን ሁላችንም በየቀኑ በትንፋሽ እንስበዋለን። የማይጎዳን የሰውነታችን ዘበኞች፣ ነጭ የደም ሴሎች፣ እየጠበቁን ነው።

በዶክተር ሄዘን ዘመን ነገሩን ያባባሰው ደግ ነገር ነበር። ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን ተገኝተው ብዙ ሕይወት አተረፉ። ሆኖም ባክቴሪያውን ሲገድሉ ፈንገሱን አይነኩም። በአፍና በአንጀት ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ይዘውት የነበረው ቦታ ሲለቀቅ ካንዲዳ እንደ አረም ተስፋፋ፤ አራሹ ሰብሉን አጭዶ ማሳውን እንደተወው ማለት ነው። ሐኪሞች አንዱን በሽታ አድነው በሌላው ተያዙ። ለባክቴሪያ መድኃኒት ነበር፤ በውስጥ አካል ላይ ለሚወጣ ፈንገስ ግን ሰውን ሳይጎዳ የሚገድል መድኃኒት በእጃቸው አልነበረም።

ሄዘን መድኃኒቱን ለመፈለግ ሲነሡ ኬሚስት ያስፈልጋቸው ነበር። በ1948 ራሼል ፉለር ብራውን ከሚባሉ ኬሚስት ጋር ተገናኙ። ብራውን የሚሠሩት በዚያው መሥሪያ ቤት ቢሆንም በግዛቲቱ ዋና ከተማ በአልባኒ ነበር፤ ሄዘን ደግሞ በኒውዮርክ ከተማ። በመካከላቸው 240 ኪሎ ሜትር አለ፤ ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ካለው መንገድ ይበልጣል። ብራውንም ችግር ያሳደጋቸው ናቸው። አባታቸው ቤተሰቡን ጥሎ ከሄደ በኋላ እናታቸው ለብቻቸው አሳደጓቸው፤ የኮሌጅ ወጪያቸውን የሸፈኑላቸውም የአያታቸው ወዳጅ የሆኑ አንዲት ባለጸጋ ሴት ነበሩ።

ሁለቱ ሴቶች የተባበሩት በፖስታ ነው። ሄዘን አፈር ይሰበስባሉ፤ ከአፈሩ ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያንን ነጥለው ያራባሉ፤ እያንዳንዱን በሁለት ፈንገሶች ላይ ይሞክራሉ፤ በካንዲዳና አንጎልን በሚያጠቃው በክሪፕቶኮከስ ላይ። ፈንገስ የሚገድል ከተገኘ ባህሉን የአሜሪካ እናቶች ፍራፍሬ በሚያቆዩበት ክዳናም የመስተዋት ማሰሮ አሽገው ወደ አልባኒ ይልካሉ። ብራውን ከውስጡ የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይተው ያወጡና በፖስታ ይመልሳሉ። ሄዘን እንደገና ፈንገሱ ላይ፣ ቀጥሎም በአይጦች ላይ ይሞክሩታል። ብዙው በዚህ ደረጃ ይወድቅ ነበር። ፈንገሱን የገደለው አይጧንም ይገድላልና። ማሰሮው እንደገና ባዶ ሆኖ ይመለሳል፤ እንደገና አፈር ይሞላል።

ለምን አፈር ያለ አንባቢ ቢኖር፣ መልሱን ራሱ በአፍንጫው ያውቀዋል። ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ በደረቀው ማሳ ላይ ሲወርድ የሚነሣው፣ ገበሬውን ሞፈርና ቀንበሩን እንዲያይ የሚያደርገው ደስ የሚል የአፈር ሽታ አለ። ያን ሽታ በብዛት የሚሠሩት ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉ የአፈር ባክቴሪያዎች ናቸው። በአንዲት የሻይ ማንኪያ አፈር ውስጥ ቁጥር የሌላቸው ተሕዋስያን ለቦታና ለምግብ ይሻማሉ፤ ስትሬፕቶማይሲስ ጎረቤቱን የሚያባርርበት መርዝ እያመነጨ ይኖራል። የሰው ብልሃት ከዚያ መርዝ ውስጥ ጠላትን የሚጎዳውን፣ ሰውን የማይጎዳውን መምረጥ ነው። ስትሬፕቶማይሲን የተገኘውም ከእነዚሁ ወገን ነው።

ዶክተር ሄዘን በቨርጂኒያ ግዛት ፎኪየር በሚባል ገጠር የወተት ላም የሚያረቡ፣ ኖርስ የሚባሉ ወዳጆች ነበሯቸው። ሊጠይቋቸው በሄዱበት ከእርሻው አፈር ቆንጥረው ይዘው ተመለሱ። ከዚያ አፈር ውስጥ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ስትሬፕቶማይሲስ ወጣ። ባክቴሪያው ሁለት ፈንገስ ገዳይ ነገሮችን ይሠራል፤ አንዱ ለእንስሳት እጅግ መርዛም ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ግን ፈንገሱን ገድሎ አይጧን አተረፈ። ሄዘን ስድሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። ባክቴሪያው በእርሻው ባለቤት ስም ስትሬፕቶማይሲስ ኖርሲ ተባለ። በዓለም የተሕዋስያን መዝገብ ውስጥ ስሙ የሠፈረ የከብት አርቢ ይህ ነው፤ ያደረገው እንግዳ መቀበልና አፈሩን አለመከልከል ብቻ ቢሆንም።

መድኃኒቱ እንዴት ይሠራል? የፈንገስ ሴል ግድግዳ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ኤርጎስቴሮል በሚባል ቅባት የተጠናከረ ነው። የእኛ ሴሎች ሽፋን በምትኩ ኮሌስትሮል አለው። መድኃኒቱ ኤርጎስቴሮልን አጥብቆ ይይዝና ሽፋኑን ይበሳል፤ የፈንገሱ ሴል ውስጡ ያለው ነገር እየፈሰሰ ይሞታል። በሰው ሴል ላይ ያን ያህል አይጣበቅም።

ግኝቱ በኦክቶበር 1950 በስኬኔክታዲ ከተማ በተካሄደ የሳይንስ አካዳሚ ጉባኤ ላይ ተገለጸ። የመጀመሪያ ስሙ ፈንጂሲዲን ነበር፤ ስሙ ለሌላ ነገር የተያዘ ሆኖ ስለተገኘ ሁለቱን ሴቶች የቀጠረችውን የኒውዮርክ ግዛት ስም አሳጥረው ኒስታቲን አሉት። ስኩዊብ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በብዛት የማምረቱን ሥራ ወሰደ፤ በ1954 በክኒን መልክ ለሕዝብ ቀረበ። የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ በጁን 1957 ተሰጠ።

ከመብቱ የተገኘው ገንዘብ 13 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ሁለቱ ሴቶች አንዲት ሳንቲም ለራሳቸው አልወሰዱም፤ በመንግሥት ሠራተኛ ደመወዛቸው ኖሩ። ግማሹ ምርምርን ለሚደግፍ ድርጅት፣ ግማሹ በሁለቱ ስም ለተቋቋመ የምርምር መርጃ ገባ። ከዚህ መርጃ ገንዘብ የተማሩ የፈንገስ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ሴት ተማሪዎችም ተረድተውበታል። ብራውን ደግሞ ከዚህ ሁሉ ተለይቶ፣ በወጣትነታቸው ትምህርታቸውን ለከፈሉላቸው ሴት ብድራቱን ከደመወዛቸው መልሰዋል።

እዚህ ላይ የሄዘን መድኃኒት የሚቆምበት ድንበር ይመጣል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ምክንያትም እርሱ ነው።

ኒስታቲን ከአንጀት ወደ ደም አያልፍም። በመርፌ ቢሰጥ ደግሞ ይመርዛል። ስለዚህ የሚያድነው በነካው ቦታ ላይ ያለውን ካንዲዳ ብቻ ነው፤ በአፍ፣ በአንጀት፣ በቆዳ። በነገራችን ላይ የልጆችን ራስ የሚበላውን ቆረቆር አያድንም፤ የእርሱ ፈንገስ ሌላ ወገን ስለሆነ ሌላ መድኃኒት አለው። ፈንገሱ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት፣ ወደ አጥንት ወይም ወደ አንጎል ከገባ ኒስታቲን ሊከተለው አይችልም። ያንን የተከተለው በ1950ዎቹ አጋማሽ በቬንዙዌላ ከኦሪኖኮ ወንዝ አካባቢ ከተወሰደ ሌላ አፈር የተገኘው፣ የኒስታቲን ቅርብ ዘመድ የሆነው አምፎቴሪሲን ነው። በደም ሥር ይሰጣል፤ ኩላሊትን የመጉዳት ጠባይ ስላለው በሆስፒታል በጥንቃቄ የሚሰጥ ብርቱ መድኃኒት ነው።

ጤነኛ ልጅ እዚህ ደረጃ የሚደርሰው እምብዛም ነው። የሚደርሱት ዘበኞቻቸው የላሉ ናቸው። በኤች አይ ቪ፣ በካንሰር ሕክምና ወይም በከባድ የምግብ እጥረት የተዳከሙትን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ከእናታቸው ማሕፀን ጀምሮ በሽታ የመከላከል ዐቅማቸው ጎደሎ ሆኖ የሚወለዱ ሕፃናት መኖራቸውን ነው። ሕክምናም ራሱ ያወቀው ሄዘንና ብራውን ማሰሮ በሚላላኩበት ዘመን ነበር። በ1952 ኦግደን ብሩተን የተባሉ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም በደሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል የሌለው፣ ደጋግሞ በኢንፌክሽን የሚታመም ወንድ ልጅ አገኙ። በ1957 ደግሞ በሚኒሶታ የነበሩ ሐኪሞች ሌላ ዓይነት ጻፉ፤ ልጆቹ ሁሉ ስለሚሞቱ ገዳይ የልጅነት በሽታ ብለው ነበር የሰየሙት። ዛሬ ሥር የሰደደ የግራኑሎማ በሽታ ይባላል።

የዚህ የኋለኛው በሽታ ጠባይ የገጠር ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነው። በእነዚህ ልጆች ነጭ የደም ሴሎቹ ቁጥራቸው አይጎድልም፤ ጠላትንም ያሳድዳሉ፣ ይውጡታልም። የሚያቅታቸው የዋጡትን መግደል ነው፤ ጦር ይዞ የጦሩ ጫፍ የጎደለው ዘበኛ ማለት ነው። ስለዚህ እኛ ሳናውቀው ስበን የምናስወግደው አስፐርጊለስ በሳንባቸው ውስጥ ሥር ይሰዳል፤ ቀስ እያለ፣ አንዳንድ ጊዜም ብርቱ ትኩሳት ሳያሳይ፣ ከሳንባ አልፎ የጎድን አጥንትን እስከ መብላት ይደርሳል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹን የሚገድለው ይኸው ሻጋታ ነው። የት ነው የሚበዛው? በሻገተ ጭድና ድርቆሽ፣ በሚገለበጥ ብስባሽ፣ ከርሞ በሚከፈት ጎተራ፣ እህል በሚወቃበት አውድማ አቧራ ውስጥ። በሽታው የታወቀበትን ልጅ ሐኪሞች ከእነዚህ ቦታዎች እንዲርቅ አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ፤ ፈንገስ የሚከላከል መድኃኒትም በየቀኑ እንዲወስድ ያዝዛሉ። ብስባሽ ሲገለበጥ አጠገቡ የነበረ እንዲህ ያለ ልጅ በቀናት ውስጥ ትንፋሽ አጥሮት ለሞት ሊደርስ ይችላል። ለጤነኛው ልጅ አውድማው አውድማ ነው፤ ይህን አንብቦ ልጁን ከመከር የሚያግድ አይኑር። ብስባሽ ማዘጋጀትንም ይህ ዘጋቢ ዘወትር ሲያስተዋውቅ የኖረው ነው፤ ሐሳቡን አልለወጠም።

በሽታው በአብዛኛው የሚተላለፈው በእናት በኩል ነው። እናቲቱ ጤነኛ ናት፤ እንከኑን ተሸክማ ሳታውቀው ትኖራለች፤ ከምትወልዳቸው ወንዶች እያንዳንዱ እኩል በእኩል የመያዝ ዕድል አለው፤ ሴቶቹ ብዙውን ጊዜ አይታመሙም። በጎጃም ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ እስከ ሰባት ቤት የመቁጠር ልማድ አለ። ልማዱ ከአባትም ከእናትም ሲገናኝ ብቻ የሚገለጠውን የበሽታ ዓይነት መንገድ ያጠብባል፤ በእናት በኩል ብቻ የሚመጣውን ግን ሊዘጋው አይችልም። የፈለገውን ያህል ቤት ቢቆጠር እርሱ ያልፋል።

አሁን ወደ ቀያችን እንመለስ። በአንድ ቤት ወንድ ልጆች በተከታታይ ሲሞቱና ሴቶቹ ሲያድጉ ሰው ምን ይላል? ሾተላይ አለባት ይላል። ጣቱ ወደ እናቲቱ ይጠቁማል፤ አንዳንዷም ከትዳሯ የምትፈናቀለው በዚህ ነው። የጤና ባለሙያዎች ዛሬ ሾተላይ የሚሉት የእናትና የፅንሱ የደም ዓይነት አለመስማማት ነው፤ እርሱም መከላከያ መርፌ አለው። ነገር ግን ከተወለደ በኋላ ለወራት ወይም ለዓመታት አድጎ፣ ደጋግሞ ታሞ የሚሞት ልጅ ነገር ከዚያ የተለየ ነው። ሌሎች ደግሞ ነጭ የለበሰውን አፍ ሲያዩ እንጥሉ ወርዶ ነው ብለው ያስቆርጡታል። ዘበኛ የሌለውን ልጅ በምላጭ ማቁሰል ለጠላት በር መክፈት ነው።

ጤና ጣቢያ የደረሰውም ቢሆን በአንድ ነገር ሊሳት ይችላል። የማይለቅ የአፍ ንጣት ያለበት ሕፃን አስቀድሞ የኤች አይ ቪ ምርመራ ይደረግለታል፤ ተገቢ ነው። ውጤቱ ነፃ ሲሆን ግን ቤተሰቡ እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ብልቃጧን ይጨርሳል፤ ንጣቱ ይመለሳል፤ ሌላ ብልቃጥ ይገዛል። ጥያቄው መዘጋት የሌለበት እዚህ ላይ ነው። ዘበኞቹ ከሥር መሠረታቸው የጎደሉበት ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት እናቱ በፅንስነቱ በሰጠችው መከላከያ ደኅና መስሎ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ የአፉ ንጣት አልለቅ ይላል፣ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ክብደት መጨመር ያቆማል፣ ሳንባው ይታመማል። ሳንባውን ከሚያጠቁት አንዱ ኒውሞሲስቲስ የሚባል፣ ራሱም ፈንገስ የሆነ ነው። ሕክምና ካላገኘ ሁለተኛ ዓመቱን አያይም።

ምልክቶቹ ለእናት ዓይን የሚሠወሩ አይደሉም። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ የሳንባ ምች፣ ሕፃንነትን አልፎ የዘለቀ ወይም በመድኃኒት እየጠፋ የሚመለስ የአፍ ንጣት፣ በጉበት ወይም በንፍፊት ውስጥ የሚቋጥር መግል፣ የማያድግ ሰውነት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በቤተሰቡ ውስጥ በሕፃንነታቸው የሞቱ ወንድሞች ወይም የእናት ወንድሞች። ይህን የመጨረሻውን ሐኪም ካልተነገረው አያውቀውም፤ እናትም አጎቶቿን የሚጠይቃት ካልመጣ አትናገረውም። በተራ የደም ሴሎች ቆጠራ ላይ ሊምፎሳይት የተባሉት ሴሎች ከዕድሜው በታች ማነሳቸው ሐኪሙን ሊያስጠረጥረው ይችላል። ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጀምሮ በጤና ጣቢያና በፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አልፎ፣ እስከ ባሕር ዳሮቹ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ድረስ ሪፈር ሲጻፍ የሞቱት ወንድሞች ነገር አብሮ ቢጻፍ የልጁን መንገድ ያሳጥራል። በዓለም የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ሕፃን ከእህቱ በተሰጠ መቅኔ የዳነው በ1968 ነው፤ በሽታው ቀድሞ ስለታወቀለት።

ኤሊዛቤት ሄዘን ይህን ሁሉ በሕይወት ሳሉ አዩ። በ1955 ፈንገሶችን በላቦራቶሪ ለመለየት የሚረዳ መጽሐፍ ከባልደረባቸው ጋር አሳተሙ፤ ሌሎች ላቦራቶሪዎች ያለ እርሳቸው እገዛ መለየት እንዲችሉ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የፈንገስ ላቦራቶሪ በእንግዳ ተመራማሪነት ይመላለሱ ነበር። መድኃኒቱ ያላሰቡት ቦታ ሁሉ ገባ። በ1966 የጣሊያኗን ፍሎረንስ ጎርፍ ባጥለቀለቃት ጊዜ ረጥበው የሻገቱ ጥንታዊ ሥዕሎችን ለማዳን ኒስታቲን ተረጨባቸው።

በ1973 በሲያትል ከተማ የምትኖር እህታቸው መታመሟን ሰምተው ሊጠይቋት ሄዱ። ወላጆቻቸው ሲሞቱ አብራቸው ወደ አጎታቸው ቤት የገባችው ያችው እህት ናት። እዚያው ሳሉ የእርሳቸውም ጤና ተዳከመ፤ ወደ ኒውዮርክ አልተመለሱም። በ1975 የአሜሪካ ኬሚስቶች ተቋም የፋና ወጊዎችን ሽልማት ለሁለቱ ሴቶች ሰጠ፤ ከዚያ በፊት ለሴት ተሰጥቶ አያውቅም ነበር። በዚያው ዓመት ጁን 24 ቀን፣ ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ወር ሲቀራቸው፣ ዶክተር ሄዘን በሲያትል አረፉ። ራሼል ብራውን በ1980 ተከተሏቸው።